የሰፋሁብሽ መውጫ

ሰብሊዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ልጃችን ቤቲ አሁንም በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ ትመልስልኛለች፤ የበረንዳ አበቦችሽን ግን አንድ ቀን ውሃ ነፍጋቸው አታውቅም። እኔም ደህና ነኝ ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ፊትሽ የቆምኩ ያህል አፍሬያለሁና አልልም።

እሁድ እሁድ ከጸሎት መልስ ኒድ ሰፈር ወዳለው የወዳጅሽ የማርሊን ቤት፣ የእናቷን ወገኖች፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የናቫሆዎችን ሽመና ልትማሪ ስትሄጂ፣ «አገርሽ ሸማኔ ጠፍቶ ነው ወይ?» እያልኩ አሾፍብሽ ነበር። ምንጣፉን ጨርሰሽ ስታመጪው ግን አፌን ያዝኩ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥጉ ላይ ቀጭን ነጭ ክር ጥቁሩን ጠርዝ አቋርጦ ይወጣል። ጥለቱ ተበላሽቶባታል አልኩ በልቤ። እንዳይከፋሽ ብዬ አልጠየቅኩሽም።

ለዓመት መታሰቢያሽ ጉትሎይት ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ልሰቅለው አሰብኩ። የጉባኤያችን እናቶች ደግሞ ጥለት ያውቃሉ። ስሕተትሽን እንዳያዩብሽ ጥጉን ወደ ኋላ አጥፌ ሰፋሁት። ክብርሽን የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር።

ሸፋፍነው ቢተኙ ገልጦ የሚያይ መጣ ይባል የለ? ማርሊን ገና ከመግባቷ እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የምትሸምን ሴት ሐሳቧን ሁሉ ሥራዋ ውስጥ ታስገባለች፤ ዙሪያው በጠርዝ ሲዘጋ ሐሳቧ እዚያው ታስሮ እንዳይቀር፣ ወደ ሌላ ሥራ እንዲሻገር፣ አንድ ክር መውጫ አድርጋ ትተውለታለች። እናቷ ያስተማረቻት እንደዚያ ነው፤ አንቺም አውቀሽ ነው የሠራሽው።

«መውጫዋን ሰፋህባት» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከእናቶቹ አንዳቸውም አልሰሙም፤ እኔ ያፈርኩት አንቺን ነው። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅሽ እኮ ሻይ እየጠጣን ትነግሪኝ ነበር። እኔ የሰው ዓይን ስፈራ ያንቺን እጅ ማመን አቃተኝ።

ቤት እንደገባን ከቤቲ ጋር ስፌቱን ተረተርነው። ቤቲ ነጩን ክር በጣቷ እስከ ጫፉ ተከተለችና በአማርኛ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እማዬ በዚህ ወጣች» አለች።

አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። ጥጉ ግን ዛሬም መታጠፍ ይወዳል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በእጄ አቃናዋለሁ፤ ስምሽን የምጠራውም ያኔ ነው። በሕይወት እስካለሁ አይታጠፍብሽም።

ባልሽ