ሦስት ካርድ በአንድ ጠዋት

ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ስምንት ክፍል ጨረስኩ፣ ስድስት ቀረኝ። ቀኝ እጄ አንሶላ መወጠር አቅቶታል። ቅዳሜ ግ. ጠምዝዞታል። ባሌ ነው፤ ሙሉ ስሙን አልጽፍልሽም፣ ይቺ ፊደል ትበቃዋለች። ጥፋቴ? እንግዶች የተዉልኝን ቲፕ ሳላስረክበው ጫማ ገዛሁ። ደብተሬ፣ እዚህ የማጸዳበት ሆቴል፣ የሠራተኛ ሎከሬ ውስጥ ቆልፌ የማሳድርሽ ለዚህ ነው። ቤት ብወስድሽ መጀመሪያ አንቺን ይቀዳድድሻል፣ ቀጥሎ እኔን።

ማክሰኞ፣ ከሺፍት በኋላ

አርትስ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር አንዲት ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ አየሁ። ጠባብ ናት፣ በሯ ጠንካራ። ወደድኳት። ግን አከራዩ ክሬዲት ቼክ ያደርጋል፣ ተበድሬ በወቅቱ መክፈሌን ያያል፣ በእኔ ስም ደግሞ ምንም የለም፤ ቤቱም መኪናውም በግ. ስም ነው። ወ/ሮ አስካለን አማከርኩ። አብረን ነው ክፍል የምናጸዳው፤ እዚህ አገር በስደት የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። አንድ ክሬዲት ካርድ ከባንክ አውጪ፣ በየወሩ ሙሉውን ክፈዪ፣ ሁለተኛውን ከስድስት ወር በኋላ ጠይቂ አሉኝ። ፖስታውም ባልሽ እንዳያየው በእኔ አድራሻ ይምጣ አሉ። እስከዚያ ይገድለኛል አልኳቸው።

ዓርብ፣ እረፍት ላይ

ስድስት ወር ማን ይጠብቃል። እናቴ ዕቁብ ስትገባ ሦስት ዕጣ ነበር የምትይዘው፤ አንዱ ባይወጣ ሌላው ይወጣል። እኔም ጠዋት የአንሶላ ክፍል ቆሜ፣ በስልኬ፣ ሦስት ባንክ ለካርድ አፕላይ አደረግሁ። አንዱ ወዲያው እሺ አለ። ሁለቱ በደብዳቤ እናሳውቅሻለን አሉ። ለስቱዲዮዋም በዚያው አመለከትኩ። ስፎክር ወ/ሮ አስካለ ሰሙና ጮኹብኝ። ይሄ ዕቁብ አይደለም፣ በጠየቅሽ ቁጥር የክሬዲት ነጥብሽ ይወርዳል፣ የቸገራት ናት ይሉሻል አሉ። አኮረፍኳቸው። ምቀኛ አሮጊት ብዬ እዚህ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት።

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ትናንት ደብዳቤዎቹ መጡ። ሁለቱም እምቢታ፤ በአጭር ጊዜ ብዙ ጠይቀሻል ይላሉ። የመጡት ግን እኛ ቤት ነው። የወ/ሮ አስካለን አድራሻ የሞላሁት ለካ እሺ ያለው የመጀመሪያው ባንክ ላይ ብቻ ነው። ችኮላዬን ይንሳው። ግ. ከፍቶ፣ አንብቦ፣ ጠበቀኝ። ልትክጂኝ ነው እያለ በፀጉሬ ጎትቶ ከፍሪጁ ጋር አላተመኝ። አፌ ደም ሞላ። እኔም ብረት ድስቱን አንስቼ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ሲጮህ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ዓይኔ ጨለመ። ጎረቤት ግድግዳ ሲደበድብ ነው የለቀቀኝ።

እሑድ፣ ሺፍት ሳይጀመር

ትናንት ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እኔ አንገቴን በሻርፕ ሸፍኜ፣ ግ. ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ። ያዘኑት ለእሱ ክንድ ነው። ፍርዱ፦ እሱ ሁለተኛ እጁን አያነሳም፤ እኔ ግ. ስልኬን ከፍቶ ያየውን፣ የተፈቀደልኝን ካርድ ለእሱ አስረክባለሁ፤ ፖሊስ የሚባል አይነሳም፣ ገመና ነው። ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ተሾመ ሳሚው አሉኝ። ሳምኩት። ሰኞ ካርዱን አመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ግ. ሸኝቷቸው ሲመለስ፣ ባዶ እጅሽን ብትመጪ በሬሳ ሳጥን ነው የምትወጪው አለኝ። ፈገግ ብሎ።

ሰኞ፣ ከሺፍት በኋላ

አከራዩ ደወለ። ስቱዲዮዋን ከለከለኝ፤ ሦስት ባንክ በአንድ ቀን ማንኳኳቴን አይቶ ፈርቷል። የሎከሩን በር በቡጢ መታሁት፣ ደገምኩት፣ ጣቶቼ ተላጡ። የመታሁት ራሴን ነው፣ ሌላ ማንንም አይደለም። ወ/ሮ አስካለ እጄን ያዙኝ። በእሳቸው አድራሻ የመጣውን ካርድ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ሳሎኔ ውስጥ ሶፋ አለ፣ እዚያ ተኚ፣ ይሄን አንዱን በሥርዓት ክፈዪ፣ ጊዜው ሳይደርስ ሌላ እንዳትጠይቂ፣ ከዚያ በራስሽ ስም ትከራያለሽ አሉ።

ለግ. ብሰጠው በሳምንት ሙልጭ ያደርገዋል። ዕዳው የእኔ ነው፣ ስሜ ይበላሻል። ያኔ መውጫ የለኝም።

ስልኬ ጠራ። ጋሽ ተሾመ ናቸው። ካርዱን ይዘሽ እየመጣሽ ነው ወይ አሉ። አዎ ጋሼ፣ ልብሴን ልወስድ እየመጣሁ ነው፣ የምመጣው ግን ፖሊስ ይዤ ነው አልኳቸው።