በአባባ ሰይፍ ላይ ያለው ስም

ፉሚኤ፣ ከሰይፍ ሠሪዎቹ ከተማ ከኦሳፉኔ ነው የምጽፍልሽ። መቀመጥ ስላቃተኝ ቆሜ ነው፤ ጽሕፈቴን ቻዪው።

ዛሬ ጠዋት የአባባን ሰይፍ ለሰይፍ መርማሪው ለአቶ ኩራሺጌ አሳየኋቸው። እኛ ቤት ሲባል እንደኖረው፣ የሰባት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የታላቅ አንጥረኛ ሥራ ነው አልኳቸው። እጀታውን አውልቀው፣ ፊርማው ያለበትን የብረቱን ጭራ ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ አዩት።

«ዝገቱ የአራት መቶ ዓመት ነው» አሉኝ። «ፊርማው ግን ዝገቱን ሰንጥቆ የተቀረጸ ነው። መቶ ዓመትም አይሞላው።»

«ታዲያ ሰይፉ ውሸት ነው?»

«የዋሸው ስሙን የጻፈው ነው እንጂ ብረቱ ምን አደረገ፣ እህቴ? ስለቱን እዪው። የሴኪ ከተማ አንጥረኛ ሥራ ነው፤ ጥሩ እጅ ነበረው።»

ለአባባ ደውዬ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።  «ስሙን ያስቀረጸው አባቴ ነው። ልጅ ሆኜ አብሬው ነበርኩ፤ አየሁ» አሉኝና ስልኩን ዘጉት። መልሼ ብደውል አያነሱም።

አቶ ኩራሺጌ የምርመራውን ወረቀት የሚሰጡኝ ሐሙስ ነው። እስከዚያ ከባቡር ጣቢያው ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ጣቢያው ስመላለስ እውላለሁ። ይህ ፖስት ካርድ እንደደረሰሽ ሾርባ ቢጤ ይዘሽ አባባ ቤት ግቢላቸው። ለእናትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ናፍቃችሁኛል። ቦታ አለቀብኝ። ስለ ሰይፉ አንቺ አታንሺባቸው። ራሳቸው ከጀመሩ ግን እስኪጨርሱ አታቋርጪያቸው፤ ሰማንያ ዓመት በሆዳቸው ይዘውት ኖረዋል።

ያንቺዋ ቺዙሩ