ሞግዚቷ ያላነበበችው ግማሽ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ተማሪዬ ዝናሽ ዛሬ ክፍል ውስጥ አንገቴን አስደፋችኝ። እሷ ምንም አላወቀችም። ደወሉ እስኪደወል ሰሌዳ ስጠርግ ቆየሁ፤ የሚጠረግ ነገር ሳይኖር።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ የድሮ ትራጄዲ እያነቡ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት በሰው አገር ተጽፎ፣ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ እኛ ከተማ ሸሕዲ ድረስ በፎቶ ኮፒ የመጣ። ሁለት ገጹ ደብዝዞ አይነበብም፤ እኔ በቃሌ እሞላላቸዋለሁ። የንጉሥ ልጅ አለች፤ ማንበብ አትችልም። እጮኛዋ ከጦር ሜዳ ደብዳቤ ይልክላታል፦ በቀጠሮው ቀን አልመጣም፣ ታስሬአለሁና ሰው ላኩልኝ ይላል። ያሳደገቻት ሞግዚት «በቀጠሮው ቀን አልመጣም» የሚለውን ብቻ ታነብላትና ወረቀቱን ታጥፈዋለች። ልጅቱ አግብታ ወንዝ ተሻግራ ከሄደች ሞግዚቷ ብቻዋን መቅረቷ ነው። የንጉሡ አማካሪ ይህን አይቶ ልጅቱን ለልጁ ለማጋባት ተንኮሉን ይሸርባል። መልእክተኛው ሰውዬውን በሰንሰለት ታስሮ በዓይኑ አይቷል፤ ግን አማካሪውን ፈርቶ ዝም ይላል። መጨረሻው ሞት ነው። እሱ እስር ቤት፣ እሷ በመርዝ።

ሰሌዳው ላይ «ከሦስቱ አታላዮች የከፋው ማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል አማካሪው አለ። ሁለት ልጆች መልእክተኛውን መረጡ። ለሞግዚቷ ሁሉም አዘነላት። እኔም ፈጠን ብዬ «አዎ፣ የእሷ ውሸት ከፍቅር የመጣ ነው» አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

ዝናሽ መስኮቱ ሥር ነው የምትቀመጠው፤ በወር አንዴ ብትናገር ነው። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ለእኔ የባሰችው ሞግዚቷ ናት። አማካሪውን ሰው ይጠረጥረዋል፣ ይጠነቀቀዋል። እሷን ግን ልጅቱ ታምናታለች። ደግሞ ቢይዟትም አልዋሸሁም ማለት ትችላለች፤ ያነበበችው እውነት ነዋ።»

ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሐሙስ እንቀጥላለን አልኩ። ድምፄን እኔው ራሴ አላወቅኩትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እጽፈዋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እዚህ ደብተር ላይ አላሰፈርኩትም። የተማሪ ጠብ ጽፌአለሁ፣ የውሃ መጥፋት ጽፌአለሁ፣ ሙቀቱን ስንት ጊዜ አማርሬአለሁ። ይህን ግን ዘልዬዋለሁ።

እማየን ከሦስት ዓመት በፊት ደም ግፊት ጣላት። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፣ ንግግሯም ተሰባብሯል። ትርንጎ፣ ታናሽ እህቴ፣ ጎንደር ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ትምህርቷን ጥላ መጣች። እኔ አስተምራለሁ፤ እሷ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች። ሰው ሁሉ እንዴት ተደጋግፈው ይኖራሉ ይላል። መደገፉን የምታውቀው ግን እሷ ናት።

በታመመች በሁለተኛው ዓመት ይበልጣል የሚባል ሰው መጣ። የትራክተር መካኒክ ነው፣ ጎጃሜ፣ ረጋ ያለ ሰው። እርሻ ለእርሻ እየዞረ ይጠግናል። ከትርንጎ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ አልጠየቅኩም፤ ብቻ ስልኳ ሲጮህ ፊቷ ይበራ ነበር። አባታችን በሕይወት ስለሌለ እኔን ሊያነጋግር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«መምህር፣ ጎጃም ቤተሰብ አለኝ። እናት አባቴን ሳላማክር ሽማግሌ ብልክ ነውር ነው። እስከ ጥር ትጠብቀኝ ብለው ይንገሩልኝ» አለኝ። ልክ እንዳለው ነው የምጽፈው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ለእሷ በስልክ ሊነግራት አፍሮ ነው በእኔ በኩል የላከው።

ቤት ስገባ ትርንጎ ምን አለሽ አለችኝ። «ጎጃም ቤተሰብ አለኝ አለኝ» አልኳት። ይኸው ነው። እናት አባት የሚለውን ተውኩት። ጥርን ተውኩት።

ቤተሰብ ማለት ሚስት ነው? አለችኝ።

እኔ ምን አውቄ፣ ትልቅ ሰው ቤተሰብ አለኝ ሲል ምን ማለቱ ነው? አልኩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ትርንጎ ነገር ጎትታ የምትጣላ ሰው አይደለችም። ሲም ካርዷን አውጥታ ጣለች፣ በቃ። እሱ በጥር ቤታችን ድረስ መጣ። እሷ ከውስጥ ነበረች። በር ላይ ወጥቼ ሐሳቧን ቀይራለች አልኩት። ይኼኛው ግማሽም አይደለም፣ ሙሉ ውሸት ነው። አጎንብሶ እጅ ነስቶኝ ሄደ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ አገኘሁት። ሰሞኑን ስለዚህ ነገር ማሰቤ ጠርቶ ያመጣው መሰለኝ፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው፣ የሰሊጥ ወቅት ነው፣ መካኒክ ሁሉ መንገድ ላይ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ መለዋወጫ መሸጫው ፊት ለፊት አንድ ትራክተር ቆሟል። ከሥሩ ወጣ። እጁ በግሪስ ተለውሷል፣ ለሰላምታ ክንዱን ሰጠኝ። ከስቷል። በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እማየ ነው፤ እናታችሁ እንዴት ናቸው፣ መነሳት ጀመሩ ወይ? አሁን መተማ ዮሐንስ አንድ ገራዥ ውስጥ እንደሚሠራ ነገረኝ። ከዚያ መፍቻውን በጨርቅ እየጠረገ፣ ሳያየኝ፣ ትርንጎ አግብታ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላገባችም አልኩ።

«እኔም አላገባሁም» አለ። «ምን እንዳጠፋሁ ባውቅ ይቀለኝ ነበር፣ መምህር። ሰው ያጠፋውን ሲያውቅ ይተወዋል። እኔ ግን እስካሁን ያልኳትን ሁሉ እያነሳሁ እፈትሻለሁ።»

ፀሐዩ አናቴ ላይ ነበር። እቸኩላለሁ አልኩት። እየቸኮልኩ አልነበረም።

መንገድ ላይ ያሰብኩት፦
ዛሬውኑ እነግራታለሁ።
ዛሬ አይሆንም፣ እማየን የምታጥብበት ቀን ነው።
ብትሄድ እማየን ማን ያነሳል?
ይህን አሁንም እያሰብኩ ነው ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ክፍል። አንዱ ተማሪ ሞግዚቷ የት ላይ ብትናገር ነበር ልጅቱ የምትተርፈው አለኝ። እንፈልግ ብዬ ገጽ ማገላበጥ ጀመርን። ልጆቹ እንደ ጨዋታ ያዙት፤ እዚህ ጋ ቲቸር፣ እዚህም ጋ! እጮኛው ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው እንኳ ጊዜ ነበራት። ልጅቱ ራሷ ሌላ የተጻፈ የለም ወይ ብላ የጠየቀችበት ገጽ አለ። ሞግዚቷ እዚያ ላይ ስለ ልጅቱ ፀጉር ታወራለች።

ስናገር ዝናሽ ወደተቀመጠችበት መስኮት በኩል እንዳላይ እጠነቀቅ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፈርቼ።

እቤት ስደርስ ትርንጎ የእማየን ራስ እያጠበች ነው። አጠገቧ ቆሜ ውሃ አፈሰስኩላት። አሁን፣ አሁን እያልኩ። ያወጣሁት ቃል ግን ጨው አልቋል ወይ የሚል ነው። አላለቀም አለች።

የምችለው ይኼን ብቻ ነው እንዴ?

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ነገርኳት።

ከሚካኤል መልስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ራኩባው፣ የሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ተቀመጠች። እማየ ውስጥ ተኝታለች። ተቀምጬ ብጀምር እንደማልጨርሰው ስላወቅኩ ቆሜ ጀመርኩ። ይበልጣልን ረቡዕ አገኘሁት አልኩ። ሚስት የለውም፣ ኖራውም አታውቅም፣ ቤተሰብ ያለው እናት አባቱን ነው፣ እኔም ያኔውኑ አውቄ ነበር።

«ያኔውኑ?» አለች።

ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤታችን በር ያለውን ሁሉ ነገርኳት። እሱ የላከላትን ቃል እንዳለ አደረስኩ፤ እስከ ጥር ጠብቂኝ የሚለውን። ከሁለት ዓመት በኋላ። እሷ አላለቀሰችም። የጎረቤት ሬዲዮ ቅዳሴ ያሰማል።

«ለእማየ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?» አለችኝ።

ለእማየ የሚለው መልስ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ዓመት ለራሴ የነገርኩት እሱን ነው።

«ለራሴ ነው» አልኳት። «አንች ከሄድሽ ሁሉም እኔ ላይ ይወድቃል ብዬ ፈራሁ።»

ተነሳች። ነጠላዋን አራግፋ አጠፈች፣ ቀስ ብላ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር እያገጣጠመች።

«እሱን ውሸታም እያልኩ ስረግመው አጠገቤ ተቀምጠሽ ትሰሚ ነበር» አለች። «አንድ ቀን እንዲያውም ተይው፣ እግዜር ይከፍለዋል ብለሽኛል።»

ብያለሁ። ረስቼው ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ ፊቴ ይነድዳል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ትርንጎ በጠዋት ሚኒባስ መተማ ዮሐንስ ሄደች። የነገረችኝ እንደ ባዳ ነው፦ መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ፣ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ገንፎው ቀጭን ይሁን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቂ አልኳት። ጠይቄአለሁ አለችኝ። እታለም ትለኝ ነበር፤ ዛሬ አላለችኝም።

እማየን ብቻዬን አጠብኩ። የመጀመሪያዬ ነው ብዬ መጻፍ እንዴት ያሳፍራል! እናቴ ናት፣ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ጀርባዋ ላይ የቀላ ቦታ አለ፤ ትርንጎ ቅባት እንደምትቀባው አላውቅም ነበር። ሳነሳት ከበደችኝ፣ እጄ ከዳኝ፣ ትከሻዋ አልጋው ብረት ላይ አረፈ። አላለቀሰችም። እኔ አለቀስኩ።

እማየ ትርንጎ የት ነች በሚለው ዓይኗ በሩን ታያለች። ስለዚህ ለእሷም ነገርኳት። ሁሉን ትሰማለች፣ መልሱ ነው የሚያስቸግራት። አፏ ብዙ ታገለና ቃሉ ወጣ፦ «በ... በእኔ?»

አይደለም እማየ፣ በእኔ ነው አልኳት። ደጋግሜ። ያመነችኝ አይመስለኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሠራሁት ነገር እስከዚህ ድረስ መድረሱን አላሰብኩም ነበር፤ የተኛችው ሴት አልጋዋ ላይ ሆና ራሷን ጥፋተኛ አደረገች።

ከሰዓት በኋላ ገንፎ አጎረስኳት። አራት ማንኪያ በላች። አምስተኛውን ስትበላ እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

ትርንጎ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። የመደወያውን ቁልፍ እየነካሁ መተው ብቻ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባች። አቧራ ለብሳለች። መጀመሪያ ወደ እማየ ነው የሄደችው፤ የጀርባዋን ቅላት አየች፣ ትከሻዋ ላይ የበለዘውን አየች። እኔ ነኝ፣ ከበደችኝ አልኩ።

እንጀራና ሽሮ አቀረብኩ። ትበላለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ በላች። እየበላች የሆነውን አጭር አጭር አድርጋ ነገረችኝ። አማላጅ አልፈለገችም፤ ገራዡ ድረስ በእግሯ ገብታ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ በደልኩህ ብላዋለች። እሱ መጀመሪያ ደስ አላለውም። ተቆጥቷል። አንዴ መጥተሽ ጠይቀሽኝ ቢሆንስ አላት። ልክ ነው አለችኝ ትርንጎ፤ እኔም ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። ከዚያ ሻይ ቤት ተቀምጠው እስኪመሽ ድረስ ተነጋገሩ። ያደረችው እዚያው የምትኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ዘንድ ነው።

እናቱ ባለፈው ክረምት አርፈዋል። ያኔ ሊያማክራቸው ያሰባቸው እናት።

ይህን ስትነግረኝ እጄን የማሳርፍበት አጣሁ። ስሜን አንስቶ እንደሆነ ጠየቅኩ። አንስቷል አለች፤ ምን እንዳለ ግን አልነገረችኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ይቅርታ ልጠይቀው ራሴ መተማ እንደምሄድ ነገርኳት። አሁን አትሂጅ አለች። ስንጠራሽ።

ስንጠራሽ አለች። ራሷንና እሱን አንድ ላይ።

አሁኑኑ የሚጋቡ አይመስለኝም። እሱ ላስብበት ብሏል፣ እሷም ኮሌጁ ይመልሰኝ እንደሆነ ሄጄ ልጠይቅ እያለች ነው። ያም ሆነ ይህ ከነገ ጀምሮ የእማየ ጠዋት የእኔ ነው፤ ጠዋት በተራዬ አጥቤ፣ አጉርሼ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። ይህን የወሰነችው እሷ ናት። ሳታማክረኝ። ትክክል ናት።

ከበላች በኋላ እማየን ልናገላብጣት ተነሳን። ትርንጎ በትከሻዋ በኩል ቆመች። እኔን ከእግሯ በኩል አቆመችኝ።

«በክንድሽ አታንሺ» አለችኝ። «ጉልበትሽን እጠፊና ወደ ራስሽ አስጠጊያት። እኔ ስልሽ።»

ጉልበቴን አጠፍኩ። እማየ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ታየናለች። ትርንጎ በይ አለችና አነሳናት። አልከበደችም።