በስልክ የነገርኩሽን እርሺው

ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ ሰላም ናቸው? ትንሿ አሁንም ጫማ አላደርግም እያለች ታስለቅስሻለች? እኔ ደህና ነኝ። አባዬም ዛሬ ደህና ነው፤ ምሳውን ጨርሶ በልቶ፣ ይሄው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የአሮጌ ኮት ገበር እየተረተረ ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። ግን በስልክ ስናወራ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ መሃል ላይ ነገሩ ይበላሻል። በወረቀት ከሆነ እስክጨርስ አታቋርጪኝም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ደውዬ "አባዬ አውሬ ሆኗል፣ ከዚህ በላይ አልችልም" ያልኩሽን እርሺው። እርግጥ አንቺ ሰምተሽ ዝም የምትዪ ሰው አይደለሽም። በማግስቱ መጦሪያ ቤት ቦታ ያዝሽለት፤ ወሩ ሲገባ በመኪና መጥተሽ ልትወስጂው ነው። እኔ የምጽፍልሽ እንዳትወስጂው ነው። ምክንያቴን አንብቢና ከዚያ ፍረጂ።

መርሳቱን ታውቂዋለሽ፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስም ይጠፋበታል፣ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ይጠይቃል፣ የልብስ ስፌት ሱቁ መዘጋቱን ይረሳና ጠዋት ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ በር በሩን ያያል። ግን ሰላማዊ ነበር። ይቀልዳል፤ "ምሩቁ፣ ይሄ ዲግሪህ ቁልፍ ይተክላል?" እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነ። ሳህኑን ገፍቶ "መርዝ ነው" አለኝ። ጢሙን ልላጨው ብጠጋ የእንጨት ሜትሩን አንስቶ ጉንጬ ላይ አሳረፈልኝ። ልጆች ሳለን እንኳ እጁን አንስቶብን የማያውቀው አባዬ!

እኔስ ምን አደረግኩ? የተማረ ሰው የሚያደርገውን። ስታትስቲክስ አይደል ያጠናሁት! ደብተር ገዝቼ ቁጣውን በየሰዓቱ መመዝገብ ጀመርኩ። በየበሩና በየመሳቢያው ወረቀት ለጠፍኩ፤ "መታጠቢያ ቤት"፣ "የአባዬ ካልሲ"፣ "ሱቁ ተዘግቷል"። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስገባ ግድግዳው ባዶ ነው። ሁሉንም ነቅሎ፣ ጫፍ ለጫፍ በስፒል አያይዞ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሸሚዝ ኮሌታ ቆርጦበታል። ልብስ ሰፊ ሰፋ ያለ ወረቀት ካየ የሚታየው ቅድ ነው፤ ይህን እንኳ ማወቅ ነበረብኝ። ኮሌታው ደግሞ እንዴት ያምራል መሰለሽ!

ያን ቀን ብስቅ ምን ነበረበት? አልሳቅኩም። "ሱቁ ተዘግቷል፣ ደንበኛ የለህም፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ!" ብዬ ጮህኩበት። እሱም "ሱቄን የምትዘጋው አንተ ማነህ?" ብሎ ጮኸብኝ። ውሃ ጠጥቶ እንዲረጋጋ ከማቀዝቀዣ ቀድቼ ብሰጠው አንዴ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን ከግድግዳ ጋር አላተመው። ከዚያ ያደረግኩትን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ክንዱን ይዤ የሥራ ክፍሉ ውስጥ አስገባሁትና ከውጭ ቆለፍኩበት። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ እትዬ። መጀመሪያ በሩን በእንጨት ሜትሩ ይደበድብ ነበር። በኋላ ማንኳኳት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው ቤት እንደሄደ እንግዳ። ስከፍት ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ "ይቅርታ፣ ባለቤቱን እየጠበቅኩ ነው" አለኝ።

ላንቺ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። አውሬ ያልኩሽ እሱን ነበር፤ ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

በሳምንቱ ዘምዛሚዋ ሊጠይቁት መጡ። መቼም ትዝ ይሉሻል፣ አባዬ የሰፋውን ሃያ ዓመት ሲዘመዝሙ የኖሩት፣ አንቺን "ቀጮ" የሚሉሽ። አባዬ አላወቃቸውም። እሳቸው ግን ምንም ሳይከፋቸው ከዘንቢላቸው መጋረጃ አወጡና "በል ጌታው፣ ይህን እጥፍ ያዝልኝ" ሲሉት ወዲያው ስፒል እያነሳ መስካት ጀመረ። እሳቸው ሥራቸውን ትተው እጁን ያያሉ። ትንሽ ቆይተው እኔ ዕቃ ወደማጥብበት መጡና፣ "አንተ ምሩቅ፣ አባትህ ሲሠራ ስፒሉን የት ነው የሚይዘው?" አሉኝ።

በአፉ ነዋ፣ አልኳቸው። አታስታውሺም? ስፒሉን በግራ ከንፈሩ ደርድሮ በቀኙ ይቆጣን አልነበር! "እንግዲያው ሂድና እይ" አሉ። ሄጄ አየሁ። ስፒሎቹን እጅጌው ላይ ሰካክቷቸዋል፤ አንድም ወደ አፉ አላስጠጋም። "ስሜን ይርሳ፣ አልቀየመውም" አሉ ዘምዛሚዋ። "አርባ ዓመት የሠራበትን ነገር ግን እጁ እንዲህ በቀላሉ አይተውም። አፉን አሞት ይሆናል። ለመሆኑ ደብተርህን ስትሞላ አፉን አይተኸዋል?"

አላየሁም። እጄን እንኳ ሳልጠርግ ደብተሩን ገለጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ቁጣ መዝግቤያለሁ። አሥራ ሰባቱ ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ፣ ጢሙን ስላጨው። ስላጨው ደግሞ ሁልጊዜ የምጀምረው ከግራ ጉንጩ ነው። መልሱን በገዛ እጄ ጽፌ፣ መስመር አስምሬበት፣ አላነበብኩትም! ዘምዛሚዋ በትከሻዬ በኩል አይተው "እና ለዚህ ነው አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥከው?" ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ፣ ይገባኛል።

ሐኪም ጋ መውሰዱ ሌላ ጣጣ ነበር። "ጥርስ ሐኪም" የሚለውን ሲሰማ የበሩን መቃን ይዞ አልነቃነቅ አለ። አሁንም ዘምዛሚዋ ናቸው ነገሩን የፈቱት፤ "ደንበኛ ጋዋን ላሰፋ ብላ መሥሪያ ቤቷ ድረስ አስጠርታሃለች" አሉት። ሜትሩን አንጠልጥሎ ቀድሞን ወጣ! ሐኪሟን አስቀድሜ በስልክ ነግሬያት ስለነበር ቆማ ጠበቀችው። የጋዋኗን ትከሻ ቆንጠር አድርጎ "ይህን የሰፋልሽ ሰው ጠላትሽ ነው እንዴ?" አላት። ፈገግም ሳትል "ለዚህ እኮ ነው እርስዎን ያስጠራሁት" አለችው። ትከሻዋን ለካ፣ እጅጌዋን ለካ፣ ቁጥሩን እኔ እጽፋለሁ። ሲጨርስ "አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው፣ አረፍ ይበሉና እኔም ልለካዎት" ብላ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና አፉን አስከፈተችው። የግራ መንጋጋ ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ መግል ቋጥሯል።

ስንት ቀን ችሎ እንደቆየ እንጃ። ሐኪሟ "አመመኝ የሚለው ቃል አልመጣለት ብሎ ነው፤ በእጁ ነገረህ" አለችኝ። መድኃኒት ተሰጠው፣ እብጠቱ ሲጎድል ጥርሱ ተነቀለ። ድዱ ከዳነ በኋላ ምላጭ ይዤ በፍርሃት ተጠጋሁት። ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ሰጠኝ።

እንዳትሳሳቺ፣ ድኗል አላልኩሽም። መርሳቱ እንዳለ ነው፣ ነገም ይብስበታል። ሌላ ቁጣም ይመጣል። አሁን ግን ድንገት ሲለወጥብኝ ምን እንደምሠራ አውቃለሁ። መጀመሪያ አፉን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን፣ ሽንቱን አያለሁ፤ ጫማው ውስጥ ሳይቀር እጄን እሰዳለሁ። አዲስ መድኃኒት ጀምሮ ይሆን? እንቅልፍ አጥቶ ይሆን? ካልገባኝ ያው ሐኪም ጋ ነው፣ ሳልውል ሳላድር። ክርክር ትቻለሁ፤ ሱቁ ክፍት ነው ካለ ክፍት ነው። ካውያውንና ትልቁን መቀስ አርቄ አስቀምጫለሁ፤ ስፒል የሚይዘውም ሰው አጠገቡ ካለ ብቻ ነው። የሥራ ክፍሉን በር ቁልፍ ግን አናጺ ጠርቼ ከነማቀፊያው አስነቀልኩት።

መጦሪያ ቤቱ መጥፎ ነው አልልም። አንድ ቀን ራሴ ለምኜሽ እንወስደው ይሆናል። ግን በጥርስ ሕመምና በእኔ መደናገጥ ምክንያት መሆን የለበትም። እዚያ ያሉት ሰዎች ደግ ቢሆኑም ስፒል በአፉ ይያዝ በእጅጌው ከየት ያውቁለታል? ያስያዝሽውን ቦታ ለሚቸገር ሰው ልቀቂለት። አንቺ ግን እንዳሰብሽው ነይ።

"ዋናው ከተማ ሥራ ያመለከትክበት መሥሪያ ቤት ምን አለህ?" ብለሽ ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኝ ሁለቴም ወሬ ቀየርኩብሽ። ተቀብለውኝ ነበር። እሱን ስትመጪ እናወራዋለን። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት፣ ዘምዛሚዋ አባዬ ጋ በሚውሉባቸው ቀናት ሒሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ገና በሦስተኛው ቀን ቅጽል ስም አወጡልኝ፤ አልነግርሽም። እግሬ አሁንም አላርፍ ይላል፣ አልዋሽሽም፤ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር ወዴት እንደሚሄድ ሳላነብ አላሳልፍም። ግን ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ምን ያስቸኩለኛል?

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። በሩን የሚከፍትልሽ አባዬ ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ ራሱ ካልከፈተ ደስ አይለውም። "ምን ልስፋልዎት?" ካለሽ እንዳታለቅሺበት፣ "ልጅህ ነኝ" ብለሽም አታስጨንቂው። ቀሚስ በይው። ቀጥ ብለሽ ቁሚለት። ሲለካ እጁ እንዴት ቀስ እንደሚል ታዪዋለሽ። እኔን በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ለሱሪ አሥራ አንድ ጊዜ ለክቶኛል፤ በአንድ ጣት እንኳ አልተሳሳተም።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ፣ መንገዱን ያቅናልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ