ከግድግዳው ማዶ ስለሚጣል ሳሙናና ስለ ዝምታው ሕግ

ለተከበሩ አቶ ኢሶጋይ፣ የመንደራችን ፍል ውሃ ቤት ማኅበር ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ግንባርዎስ? እብጠቱ እንደ ጎደለ ከባለቤቴ ሰምቼ እፎይ ብያለሁ። የዚህ ዓምድ አንባቢዎቼ አትሳቁብኝና፣ ለማንም ያልነገርኩትን ጉድ ላውጣው፤ ሰኞ ምሽት በወንዶቹ በኩል ከላይ ወርዶ ሊቀመንበራችንን የመታቸው ሳሙና የእኔ ነው። እኔና ባለቤቴ ስንታጠብ የኖርነው በአንድ ሳሙና ነው። እኔ ስጨርስ፣ ሴቶቹን ከወንዶቹ በሚለየውና ጣሪያው ጋ በማይደርሰው ግድግዳ አናት ላይ "ያዝ" ብዬ እወረውርለታለሁ፤ እሱም ይቀልባል። አሁን ግን እርስዎ "በዝምታ ይታጠቡ" የሚል ሰሌዳ ስለሰቀሉልን፣ ሕግ አክባሪ ነኝና ሳልጣራ ወረወርኩት። ቀላቢው ግንባርዎ ሆነ።

ስለ ሰሌዳው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሌላው ሰው መንገድ ሄዶ ሲመለስ ለጎረቤት ጣፋጭ ይዞ ይመጣል፤ እርስዎ ግን ከተማ ካለው ውድ ማረፊያ አንድ ሌሊት አድረው ሲመለሱ ዝምታ ይዘውልን መጡ። ይሁንና ከታላቅ አክብሮት ጋር ቅሬታዎቼን ላቅርብ።

አንደኛ፣ እኛ ሥርዓቱን ከልጅነታችን እናውቃለን። ገላችንን ሳንታጠብ ገንዳው ውስጥ እግራችንን አንነክርም፤ ፎጣችን ውሃውን አይነካም፤ የገባውን ሰው ሳናስፈቅድ የቀዝቃዛውን ቧንቧ አንከፍትም። ለማስፈቀድ ደግሞ አፍ ያስፈልጋል። በቀደም እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ በዓይን ስንጠቃቀስ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይገባን፣ ተቀቅለን ወጣን።

ሁለተኛ፣ የሰሌዳው የእጅ ጽሕፈት እጅግ ያምራል። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ የማመሰግንበት ሌላ ነገር ባጣ ነው።

ሦስተኛው ቀልድ የለውም። ቤታቸው መታጠቢያ የሌለውን እትዬ ቶሚኤንና ባለቤታቸውን ጋሼ ኪሃቺን ያውቋቸዋል። የጋሼ ኪሃቺ ልብ ደካማ ነው፤ እሳቸው ግን ከሙቁ ውሃ ቶሎ መውጣት አይወዱም። ስለዚህ እትዬ ቶሚኤ በየመሃሉ ከማዶ "አንተ ሽማግሌ፣ አለህ?" ይላሉ። "የት እሄዳለሁ፤ ይልቅ ጀርባሽን ፈትጊ" የሚል መልስ ሲመጣ እኛም አብረን እንረጋጋ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እትዬ ቶሚኤ ሕጉን አክብረው ዝም አሉ። ቆይተው አላስችል ሲላቸው ተጣሩ፤ መልስ የለም። ደግመው ጮኹ። ገላውን ይታጠብ የነበረው ባለቤቴ ዞር ሲል፣ ጋሼ ኪሃቺ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልተው፣ አገጫቸው ውሃ ነክቶ፣ ራሳቸውን ስተው አገኛቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። ባለቤቴ ጎትቶ አውጥቷቸው ጋሼ ኪሃቺ ነፍስ ሲዘሩ፣ እርስዎ "እኔ እኮ ጨዋነታቸው ገርሞኝ ነበር፤ ትንፍሽ አላሉም" አሉት አሉ።

በማግሥቱ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ እትዬ ቶሚኤ ድምፅ በማሰማታቸው ለአንድ ወር ከፍል ውሃው ታግደዋል። ምሕረትዎ ይደነቃል፤ ባላቸውን በማዳናቸው ሌላ ወር አልጨመሩባቸውም። ጋሼ ኪሃቺም "እሷ ከማዶ ካልተጣራች አልገባም" ብለው፣ በዚህ ብርድ ሁለቱም ቤታቸው ተቀምጠው ገላቸውን በእርጥብ ፎጣ ይወለውላሉ።

እንግዲህ እገዳው እንዲነሳ በትሕትና እለምናለሁ። ካልተነሳ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እትዬ ቶሚኤን መሃላችን አድርገን እንገባለን፤ ጋሼ ኪሃቺንም ባለቤቴ በወንዶቹ በኩል ይዟቸው ይገባል። ከዚያ ሁላችንም እንጣራለን።

ግንባሬ ወለሉን እስኪነካ አጎንብሼ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለጆሮዎም ብርታትን እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ ሱዙኤ፣ ከሴቶቹ ገንዳ

የተረሳ ነገር፦ ሐሙስ ዕለት ከእትዬ ቶሚኤ ቀጥሎ "እናንተ ወንዶች፣ ሽማግሌውን እዩት እንጂ፤ ምን ይጎልታችኋል" ብለው ከሁላችንም አስበልጠው የጮኹት የእርስዎ ባለቤት ናቸው። ቅዳሜም ከፊት የሚገቡት እሳቸው ናቸው። የሚያግዷቸው ከሆነ ራስዎ ይንገሯቸው፤ ቤትዎ ውስጥ መነጋገር ገና አልተከለከለም ብዬ አምናለሁ። ምን እንደመለሱልዎ ለአንባቢዎቼ ሳልደብቅ እጽፋለሁ።