ብርሃኑ ወደ ግራ ዞረልን

መስፍኔ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ዓመት ሊሞላ ነው። ሰው ሁሉ «ቁስሉ በጊዜ ይሽራል» ይለኛል። እኔ ግን እንዲሽርልኝ ለምኜ አላውቅም። ስለ አንተ ዝም እንድል የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ ዝም ስላላልኩ ነው የምጽፍልህ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። አቃቂ ሐዲዱ አጠገብ ተከራይተናት የነበረችውን ቤት ለቀቅኩ። የተመዘገብንበት ኮንዶሚኒየም ገላን ደርሶን ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። እናትህም አሁን አብረውኝ ይኖራሉ። ደረጃው ጉልበታቸውን ቢያስቸግራቸውም ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ያለችውን ሻይ ቤታቸውን አልተዉም፤ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ይሄዱና ስንቅ ይዘው ለሚመጡ ጠያቂዎች ሻይና ዳቦ ይሸጣሉ። ማታ አብረን እራት እንበላለን። ይህን ስትሰማ ትገረም ይሆናል፤ አንተን በቀበርን ሰሞን እማማ ዓይኔን ማየት አይፈልጉም ነበርና።

በሰልስትህ ማግስት ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት «ልጄን የገደለው ያ ስታሸትቱት የምትውሉት ኬሚካል ነው» አሉ። ከልጅነትህ ጀምሮ ልብህ ታማሚ እንደነበረ፣ ሐኪሞቹም የነገሩን ይህንኑ እንደሆነ አስረዳኋቸው። አልተቀበሉኝም። ሁለተኛ ላብራቶሪ እንዳልገባ በአንተ ስም እንድምልላቸው ጠየቁኝ። ሴቶቹ ሁሉ «ማይላቸው፣ እናት ናቸው» አሉኝ። እኔም ከፍራሹ ተነስቼ «እማማ፣ እሱ የጀመረውን ብተወው ዳግመኛ መቅበር ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ አልቀብረውም» አልኳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ለወራት አላናገሩኝም።

እንዴት እንደጀመርነው ታስታውሳለህ? የመመረቂያ ጥናታችንን ጨርሰን ገና ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመርን ጊዜ ቀበሪቾ ልንገዛ ገበያ ወጣን። እናትህ ደረትህን ባመመህ ቁጥር የሚያጥኑህ ሥር ስለነበር፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ ትፈልግ ነበር። ሻጯ ሥሩ በየዓመቱ እየቀጠነ፣ የሚመጣበትም ቦታ እየራቀ መሄዱን ነገረችን። ሥሩ ሲነቀል ተክሉ ይሞታል። በሚኒባስ ስንመለስ «ከውስጡ የሚሠራውን አንዱን ነገር እኛ ብንሠራው ተክሉ ይተርፋል» አልከኝ። ሳሪስ ሳንደርስ እኔም አምኜልህ ነበር።

ከሥሩ አንድ ውሁድ ለይተን አወጣን። ጀርሞች ላይ ስንሞክረው ገደላቸው። መሥራቱም አልከበደንም፤ የከበደን እጁ ነበር። ውሁዱ እንደ ጓንት ግራና ቀኝ አለው፤ ሁለቱ በሁሉም ነገር ይመሳሰላሉ፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ተክሉ የሚሠራው ግራውን ብቻ ነው። እኛ ስንሠራው ግን እኩል በእኩል ተደባልቆ ይወጣል፣ ቀኙ ደግሞ ምንም የማይሠራ ሥራ ፈት ነው። ያ አሮጌ መሣሪያችን ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ ሲያሳልፍ፣ ከሥሩ የወጣው ብርሃኑን ወደ ግራ ያዞረዋል። የእኛው ግን ወደየትም አያዞረውም፤ ግራና ቀኙ ይጣፋሉ። ስንት ጊዜ ዜሮ አነበብን!

አንዱን እጅ ብቻ ለመሥራት የሚያገለግለውን ኬሚካል ከውጭ እንዲያስመጡልን ጠየቅን፤ ሳይመጣ ቀረ። የክፍሉ ኃላፊ ይህ ዓይነት ሥራ እዚህ አገር እንደማይሠራ፣ ለውጭ አገር ሰዎች መተው እንደሚሻል መከረን። አንተ በማግስቱ ከአቃቂ ሱቅ የገዛኸውን የዳቦ እርሾ በኮትህ ኪስ ይዘህ መጣህ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሕያው ነገር ግራና ቀኙን ይለያል፣ እጁ የሚወሰንበትን አንዱን ደረጃ እሱ ይሥራልን፣ ሌሎች አገሮችም ሞክረውት ሠርቶላቸዋል ብለህ አስረዳህ። ባልደረቦቻችን ዳቦ ቤት ከፈቱ ብለው ሳቁብን። አንተ ከእነሱ ጋር ሳቅህና ለእርሾው ምግብ የሚሆነውን ስኳር በጠበጥክ።

ብርሃኑ በመጠኑ ዞረ። ግራው በዛ፣ ቀኙ ግን አልጠፋም። ያኔ ነው የታመምከው። ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ ከሐኪሙ ይልቅ እኔን ነበር የምትጠብቀው፤ ገና ከበር ስገባ ስንት እንደተነበበ ትጠይቀኝ ነበር። መልካም ዜና ሳልነግርህ ሄድክ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አርባህ እንደወጣ ከነጥቁር ልብሴ ላብራቶሪ ገባሁ። ኃላፊው አዝኖልኝ ቀለል ያለ ሌላ ርእስ ሰጠኝ፣ የሟች ሥራ ያደክምሻል አለኝ። አልቀበልም አልኩት። እንግዲያው በዕቅድ ለሌለ ሥራ ኬሚካል እንደማይወጣልኝ ነገረኝ። እርሾና ስኳር ከመጋዘን አይጠየቅም፤ ከማስተማር በተረፈኝ ሰዓትና ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ቀጠልኩ። ያለቀብኝንም ከሌላ ክፍል ለምኜ አመጣሁ።

በመጨረሻ ጥፋቱ የት እንደነበረ ገባኝ። እርሾው ውስጥ ያለው ሠራተኛ አንድ ብቻ አይደለም፤ ግራውን የሚሠራ አለ፣ ቀኙን የሚሠራም አለ። እኛ እርሾው የሚለውጠውን ጥሬ ውሁድ ሁሉን በአንዴ ስንገለብጥለት ሁሉም ተሻምተው ገቡበት። ጥቂት ጥቂት ቢቀርብለት ግን ግራውን የሚሠራው ቀልጠፍ ያለ ስለሆነ ሌላው ሳይደርስ ይጨርሰዋል። እናም ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያደረግኩ መገብኩት። ከዚያ የቀሩትን ደረጃዎች ሁሉ አንድ በአንድ ሠርቼ፣ አጥርቼ፣ መሣሪያው ውስጥ አስገባሁት። ብርሃኑ ወደ ግራ ዞረ። ደግሜ ለካሁ። ከሥሩ የወጣውን አጠገቡ ለካሁ። አንድ ሆኑ መስፍኔ፣ ልክ አንድ! ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሚኒባስ ውስጥ ግን ዕንባዬ አልቆም አለኝ። አጠገቤ የነበሩ እናት ምንም ሳይጠይቁኝ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

ሥራውን ለመምህራኑ የማቀርብበት ቀን ሲደርስ ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ ስምህን ከጽሑፉ አናት ላይ እንዳነሳው፣ ከታች በምስጋናው ላይ እንዳደርገው ጠየቀኝ።

«የሞተ ሰው ለጥያቄ መልስ አይሰጥም» አለኝ።

«እኔ እሰጥለታለሁ» አልኩት።

ስምህ ከእኔ ስም በፊት እንደተጻፈ ቀረ። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ቢኖርም አላውቀውም አልኩ እንጂ አላፈርኩም።

ለእማማ ቀኑን ነግሬያቸው ነበር፣ ይመጣሉ ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ጠዋት ሻይ ቤቱን ዘግተው አዳራሹ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሲያልቅ ቀስ ብለው «ይኼ ነገር ቢደርስለት ያድነው ነበር?» አሉኝ። አያድነውም ነበር አልኳቸው፤ ልዋሻቸው አልፈለግኩም። የሌላ ሰው መድኃኒት ይሁን አይሁን ገና እንዳልታወቀ፣ ተክሉ ሳይነቀል ግን ሊገኝ እንደሚችል ነገርኳቸው። ከዚያ ክንዴን ያዙኝና ወጣን። ታክሲ ተሰልፈን ስንጠብቅ ከፊታችን ለቆመችው ለማያውቋት ሴት «ልጄና ምራቴ ትልቅ ነገር ሠርተው፣ ያንን አይቼ ነው የመጣሁት» አሏት። ከቀበርንህ ወዲህ ምራቴ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዕቃቸውን ይዘው ገላን ገቡ።

ሞት አንተን ወሰደብኝ፤ ሥራህን ግን ከእጄ አልለቀቅኩለትም። ለሙት ዓመትህ ከእማማ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደን ስምህን እናስጠራለን። ሰኞ ደግሞ ተማሪዎቼ ፊት እኔው ራሴ እጠራዋለሁ፤ ይህ የእሱ መንገድ ነው፣ እስቲ ከዚህ የተሻለ አምጡ እላቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ስምህ ሳይጠራ የሚያልፍ ሳምንት አይኖርም።

ያንተው ሰናይት