በልብስ ማስጫ ሽቦ ስለተደገፈው የመብራት ቱቦ

ለተከበሩ የመብራት መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ መልካም ጤንነት እመኛለሁ፤ ደህና እንደሆኑም አልጠራጠርም፣ መኖሪያዎ ከእኛ ጣራ ሩቅ ነውና።

ሠራተኞችዎ መስመሩን ከመንገዱ ምሰሶ ተቀብሎ ወደ ቆጣሪያችን የሚያወርደውን የብረት ቱቦ በጣራችን ላይ ስላቆሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቆሙልን ማለቴ ለወጉ ነው፤ ቱቦው ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደ መንገዱ እያዘነበለ ነው።

፩ኛ. የራስዎ ደንብ ቱቦው ከግድግዳው ጋር በማቀፊያ ብረትና በብሎን ይታሰር፣ ገመዱ ከሚስብበት በተቃራኒም በደጋፊ ሽቦ ይወጠር ይላል። ሠራተኞችዎ በማቀፊያው ፈንታ ቆርቆሮው ላይ ምስማር መቱ፤ ደጋፊ ሽቦ ረስተው ስለመጡም የእህቴን ልብስ ማስጫ ሽቦ አንዱን ጫፍ ፈትተው ከቱቦው ጋር አሰሩት። እንዲህ ያለውን ብልሃት ለጠላትም አይስጥ።

፪ኛ. ቱቦው ሲያዘነብል የገመዱ ሽፋን በቱቦው አፍ ተፍቆ ተላጠ። እህቴ እርጥብ አንሶላ ልታሰጣ ሽቦውን ስትነካ ኤሌክትሪክ ይዟት ወደቀች። ዛሬም ቀኝ እጇ ብርጭቆ አያነሳም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያው እጅ ነበር።

፫ኛ. አቤት ብንል የደረሰን መልስ «በድርጅቱ ንብረት ላይ ያለፈቃድ ልብስ ማስጣት ክልክል ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

አሁን ሽቦውን እንዳንፈታው ቱቦው ይወድቃል፣ እንዳንተወው ልጆቿ በሥሩ ይመላለሳሉ። ስለዚህ ቢያንስ መስመሩን ከምሰሶው ላይ እንዲያቋርጡልን፣ ከዚያም ቱቦውን እንደ ደንቡ እንዲያስተክሉልን በትህትና እለምናለሁ። ጨለማውን እንችለዋለን፤ የእርስዎን ብርሃን ነው ያልቻልነው።

በቁማችን ሳለን ምላሽዎ እንደሚደርሰን ተስፋ በማድረግ፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከቱቦው ሥር ሽቅብ አንጋጦ የሚውል ታዛዥ ደንበኛዎ

ማስታወሻ፦ «አደጋ የለውም» ብለው የፈረሙትን ተቆጣጣሪዎን፣ እስቲ ሽቦውን ይዘው ያሳዩን ብለን ብንማጸናቸው ሁለቱንም እጆቻቸውን ኪሳቸው ከትተው ሄዱ። እጃቸው ደህና ነው፤ ፊርማቸውም ያምራል።